ስለ እቴጌ ምንትዋብ የተጻፈው አዲሱ ልብ ወለድ ቅር ያሰኘው ሌላ አንባቢ አለ?

ጥያቄ፦ ጠያቂ፣ አራዳ፣ ጎንደር
ጤና ይስጥልኝ። ከተማሪነቴ ጀምሮ ሥራዎቹን እየተከታተልኩ የማነብለት ደራሲ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ላይ ረጅም ልብ ወለድ ማሳተሙን ስሰማ፣ የጎንደር ልጅ ነኝና ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አንብቤ ስጨርስ ግን ከልቤ አዘንኩ። በቀደሙት መጻሕፍቱ ሰዎቹ ዝም ሲሉ እንኳ የሚያስቡት ይሰማን ነበር፤ በዚህኛው ግን እርስ በርሳቸው ታሪክ ይተራረካሉ። እቴጌይቱ ለገዛ ወንድማቸው ለራስ ወልደ ልዑል፣ አፄ በካፋ ካረፉ በኋላ ልጃቸው ኢያሱ በሕፃንነቱ ሲነግሥ እርሳቸውም ዘውድ ደፍተው አብረው መግዛታቸውን ቁጭ ብለው ይነግሯቸዋል። ራስ ወልደ ልዑል ይህን አጥተውት ነው? የልጅ ልጃቸው የአፄ ኢዮአስ መገደል ደግሞ፣ ስለ ግንቡ አሠራር ብዙ ገጽ ከተጻፈ በኋላ፣ በግማሽ ገጽ ታልፏል። እናንተስ እንዴት አገኛችሁት?

መልስ፦ የታሪክ መምህር፣ አዘዞ
ወንድሜ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1755 ካረፉ በኋላ የኢዮአስ እናት የኦሮሞ ዘመዶችና የእቴጌይቱ የቋራ ወገኖች ለሥልጣን መፎካከራቸውን፣ ራስ ሚካኤል ስሑል ከትግራይ የተጠሩትም በዚሁ ጠብ መነሻነት መሆኑን የማያውቅ አንባቢ፣ ንጉሡ ኢዮአስ በ1769 ለምን እንደተገደሉ ሊገባው አይችልም። ስለዚህ ማስረዳቱ ግድ ነበር። ጥፋቱ የተራኪውን ሥራ በእቴጌይቱ አፍ ማስገባቱ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው፦ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የእቴጌይቱን፣ የልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን አጽም በመስታወት በተከደነው ሣጥን አብሮ ያየ ሰው፣ ልጇንም የልጅ ልጇንም ስለቀበረች እናት ግማሽ ገጽ ብቻ መጻፉ።

መልስ፦ መጽሐፍ ሻጭ፣ ፒያሳ
እኔ መጽሐፉ አርታኢ ያየው አይመስለኝም። ምስጋናው ላይ ረቂቁን በኮምፒውተር የጻፈችው ልጅና መረጃ የሰጡት አባቶች ተመስግነዋል፤ አርታኢ ግን አልተጠቀሰም። የግንቡ ገለጻ ሁለት ምዕራፍ ላይ ቃል በቃል ተደግሟል። አገራችን ውስጥ ብዙ ደራሲ ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ በቀጥታ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ስም ካወጣ በኋላ ደግሞ «ይህን ቁረጠው» ብሎ የሚደፍረው ወዳጅ ያጣል። በእኔ እምነት ተሰጥዖው አልነጠፈም፤ ያጣው የሚገሥጸው ሰው ነው።

መልስ፦ አንባቢ፣ ማራኪ
እባካችሁ የፈታይዋን ክፍል አትርሱት። የንጉሡ ሞት ሲነገራት ምንም አትልም፤ እንዝርቷን አስቀምጣ፣ ክሩ የተበጠሰበትን ቦታ በጣቷ ትፈልጋለች፣ ታጣዋለች፣ እንደገና ትፈልጋለች። እኔ እዚያ ላይ አልቅሻለሁ። ለዚህች ሴት ስል መጽሐፉን ደግሜ አነበዋለሁ።

ጠያቂው
እህቴ፣ ስለ ፈታይዋ ያሉት እውነት ነው፤ ቅሬታዬን ያባሰውም ይኸው ነው፤ እንዲህ መጻፍ የሚችል ሰው ለእቴጌይቱ ይህን ለምን ነፈጋቸው? በመጽሐፉ ጀርባ ባለው አድራሻ ደብዳቤ ልጽፍለት ወስኛለሁ። ሁለተኛ እትም የሚኖር ከሆነ የእቴጌይቱንና የወንድማቸውን ንግግር እንዲያሳጥርና የቁስቋሙን ምዕራፍ እንደ አዲስ እንዲጽፈው እጠይቀዋለሁ። መምህር ሆይ፣ ከፈቀዱልኝ የእርስዎንም ሐሳብ እጨምርበታለሁ።