ወንድና ሴት ተቀላቅለው የሚጫወቱት ከርሊንግ፦ ሕጉ ለትምህርት ቤት ክበብ ይሆናል?

የስፖርት መምህሩ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምራለሁ። ባለፈው ሰሞን ውርጩ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ፣ ከርሊንግ የሚባለውን የበረዶ ላይ ጨዋታ በሳተላይት ቴሌቪዥን በአጋጣሚ ከፈትኩና ለአምስት ደቂቃ ያልኩት እስከ ፍጻሜው ድረስ አስቀመጠኝ። ውድድሩ የዓለም ድብልቅ ቡድኖች ሻምፒዮና ሲሆን፣ በየቡድኑ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ይሰለፋሉ። አንዱ ድንጋዩን እያንሸራተተ ይለቃል፣ ሁለቱ ከድንጋዩ ፊት ፊት እየሮጡ በረዶውን በመጥረጊያ ይፈትጋሉ፣ አራተኛው ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ በተሣለው ክብ ላይ ቆሞ ይጮኻል። መጥረጉ ለምን እንደሚጠቅም አልገባኝም። ገና ሁለት ዙር እየቀረው የተሸናፊው ቡድን እጅ ጨብጦ መውጣቱም ገርሞኛል።

ዋናው ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። ዓምና በምመራው ክበብ ወንዶችና ሴቶች ልጆችን አቀላቅዬ መረብ ኳስ አጫውቼ ነበር። በየቡድኑ ሦስት ሴቶች እንዲኖሩ የሚል ደንብ ባወጣም፣ ወንዶቹ ወደ ሴቶቹ የመጣውን ኳስ እየሮጡ ስለሚነጥቁ፣ ሁለተኛው ዙር ሳይጋመስ ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተመልካች ሆኑ። በቴሌቪዥን ባየሁት ጨዋታ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ይህን የሚከለክለው ሕግ የትኛው ነው? በረዶ ሳይኖረን፣ ሊሾ ወለል ባለው አዳራሻችን ልንወስደው የምንችለው ነገርስ ይኖር ይሆን?

አንኮበሬ በአበርዲን

መምህር፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። አንኮበር ተወልጄ አሁን የምኖረው በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ከተማ ነው። ይህ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ2022 እና በ2023 በከተማችን ስለተካሄደ፣ የ2022ቱን በአካል ተገኝቼ ተመልክቻለሁ። ከዚያም በኋላ ሁለት ክረምት ለጀማሪዎች በሚሰጠው ሥልጠና ገብቼ፣ ከድንጋዩ ይልቅ እኔው ብዙ ጊዜ በበረዶው ላይ ተንሸራትቻለሁ።

ስለ እጅ መጨባበጡ በአጭሩ ልመልስ፤ ውጤቱ ሊቀለበስ እንደማይችል የተረዳ ቡድን ጨዋታውን ማቋረጡ በከርሊንግ እንደ ጨዋነት እንጂ እንደ ሽሽት አይቆጠርም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ሴቶቹን የሚጠብቃቸው ቁጥራቸው ሳይሆን ተራው ነው። በአንድ ዙር እያንዳንዱ ቡድን ስምንት ድንጋይ አለው፤ አራቱም ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ይለቃሉ፣ የማንንም ድንጋይ ሌላ ሰው ሊለቅለት አይችልም። በድብልቅ ቡድን ውስጥ ደግሞ ተራው ሴት፣ ወንድ፣ ሴት፣ ወንድ ወይም በተገላቢጦሹ መፈራረቅ አለበት። በመረብ ኳስ ኳሱ ወደ ደፈረው ሰው ይሄዳል፤ እዚህ ግን ድንጋዩ ባለቤቱን እየጠበቀ ይቆማል። በዚህ ላይ አምበሉና ምክትል አምበሉ የተለያየ ጾታ እንዲኖራቸው ሕጉ ያዛል። አምበሉ ድንጋይ ሊለቅ ሲሄድ ክቡ ላይ ቆሞ የሚያዘው ምክትሉ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ዙር የማዘዙ ሥራ ከአንዱ ጾታ ወደ ሌላው ይተላለፋል ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ደግሞ ከዚሁ ተራ ሳይታሰብ የሚወጣው ስሌት ነው። አንደኛዋ ሴት፣ ሁለተኛው ወንድ፣ ሦስተኛዋ ሴት ምክትል፣ አራተኛው ወንድ አምበል ቢሆኑ፣ አንደኛዋ ስትለቅ የሚጠርጉት ሁለተኛውና ሦስተኛዋ፣ ማለትም ወንድና ሴት ናቸው። ሁለተኛው ሲለቅ ግን አንደኛዋና ሦስተኛዋ፣ ሁለት ሴቶች ይጠርጉለታል፤ የእርሱ ድንጋይ ከታሰበበት ቦታ መድረሱ በእነርሱ ክንድ ላይ ነው። ጉልበት ያለው ወንድ በሁሉም ቦታ ልገኝ ቢል እንኳ ሕጉ ቦታ አይሰጠውም።

ድንጋዩም ለወንድና ለሴት አንድ ነው። ክብደቱ እስከ 19.96 ኪሎ ግራም የሚደርስ ግራናይት ሲሆን፣ ለታላላቅ ውድድሮች የሚሠራበት ድንጋይ የሚወጣው ከስኮትላንድ ጠረፍ ማዶ ካለችው ከአይልሳ ክሬግ ደሴት ነው። አይነሣም፤ ይገፋል። ተጫዋቹ መነሻው ላይ በተተከለው መርገጫ እግሩን ደግፎ ራሱን ከድንጋዩ ጋር ካንሸራተተ በኋላ፣ የመልቀቂያውን መስመር ሳያልፍ ይለቀዋል። ስለዚህ ከጉልበት ይልቅ የእጅ ልስላሴና የዐይን መጠን ይበልጣሉ።

ሻምፒዮናው ራሱ ገና ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በስዊዘርላንድ ዋና ከተማ በበርን ሲጀመር ኖርዌይ አሸነፈች፤ ከዚያ በፊት ከ2005 ጀምሮ የነበረው የአውሮፓ ውድድር ብቻ ነው። በ2018 በካናዳዋ ኬሎውና ካናዳ ስታሸንፍ ሁለተኛ የወጣችው ስፔን ነበረች፤ በረዶ የሌለው አገር አይሞክረው የሚለውን ሰው በዚህ ዝም ማሰኘት ይቻላል። በኦሊምፒክ ከሚታየው የድብልቅ ጥንዶች ውድድር ጋር ግን እንዳይምታታብዎት፤ ያኛው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ የሚሰለፉበት ሲሆን፣ ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ2018 በፒዮንግቻንግ ነው። የአራቱ ድብልቅ ቡድን ኦሊምፒክ ገብቶ አያውቅም።

መንዜው

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን ታኅሣሥ 29 በየሜዳው የምንጫወተው ገና እያለልን የሰው አገር ድንጋይ መግፋት ምን አመጣው? «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለለት፣ ሎሌው ጌታውን የሚጋፋበት ጨዋታ ዛሬ በብዙ ቦታ እየቀረ ነው። በረዶም ካስፈለገ በጓሳ ሌሊቱን የጣለው ውርጭ ጠዋት መሬቱን አንጥፎት ይገኛል፤ አዳራሽ አያሻም። ለመሆኑ ይህን ጨዋታ የተጫወተ አፍሪካዊ አለ?

የጫጫዋ ፊዚክስ አስተማሪ

ወንድሜ መንዜው፣ የጓሳ ውርጭ ፀሐይ ሦስት ጋት ሳትወጣ ይረግፋል። ከርሊንግ የሚፈልገው በማሽን የቀዘቀዘ፣ እንደ መስታወት የተስተካከለና ገጹ ከዜሮ በታች አምስት ዲግሪ አካባቢ የሆነ በረዶ ነው። አፍሪካን በተመለከተ፣ ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 በኖርዌይዋ ስታቫንገር በተካሄደው የዓለም ድብልቅ ጥንዶች ሻምፒዮና ተሰልፋለች። የእኛው ሮቤል ተክለማርያምም በ2006 በቶሪኖ የበረዶ ላይ ሸርተቴ ተወዳድሮ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ስለ ገና ግን እውነትዎን ነው። ሆኖም ጥያቄው ሴቶች ልጆችን የሚመለከት ስለሆነ፣ በልጅነቴ ገና ሲጫወቱ እኔና እኅቶቼ ከዳር ቆመን እናይ እንደነበር ማስታወስ ይኖርብኛል።

መምህር፣ መጥረጉን እኔ ልመልስ። በረዶው ላይ ውኃ በጠብታ ይረጭና ጠብታዎቹ እየረጉ ጥቃቅን ጉብታ ይሆናሉ፤ የድንጋዩም ሆድ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ በረዶውን የሚነካው በቀጭን ቀለበት ብቻ ነው። መጥረጊያው ሲፈትግ ገጹ ጥቂት ይሞቃል፣ ሰበቃው ይቀንሳል፣ ድንጋዩም በሜትሮች ርቆ ይሄዳል፣ መጠምዘዙም ይቀንሳል። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው አንድ አስገራሚ ነገር አለ፤ አንድን ብርጭቆ ገልብጣችሁ በለሰለሰ ጠረጴዛ ላይ በሰዓት አቅጣጫ እያሽከረከራችሁ ብትገፉት ወደ ግራ ይታጠፋል፣ የከርሊንግ ድንጋይ ግን ወደ ቀኝ። የፊዚክስ ሊቃውንት በምክንያቱ ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

በሊሾ ላይ እንግዲህ መጥረግ አቧራ ከማስነሣት ያለፈ ፋይዳ የለውም፤ ይተዉት። ጨዋታው ይጎድላል ብለው አይስጉ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚጫወቱት ቡድኖች ከነጭራሹ አይጠርጉም፣ እነርሱም ወንድና ሴት የተቀላቀሉባቸው ሆነው ከ2006 ጀምሮ በፓራሊምፒክ ይወዳደራሉ። አሸዋ የተሞላ የወተት ዱቄት ጣሳ ታቹ ላይ የብርድ ልብስ ቁራጭ ቢለጠፍበት (ደብረ ብርሃን ሆኖ ብርድ ልብስ የሚቸግረው ሰው የለም) በደንብ ይንሸራተታል። ክቡን በጠመኔ ይሥሩት፤ የእውነተኛው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 3.66 ሜትር ነው፣ አዳራሹ ከጠበበ ያሳንሱት። ብይ የተጫወተ ልጅ ስልቱን ለመረዳት አይቸገርም፤ የራስን ማስጠጋት፣ የባላጋራን መምታት፣ ከፊት ጋሻ ማቆም ነው። በአንድ ዙር ነጥብ የሚያገኘው አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ ከባላጋራው ቅርብ ድንጋይ ይልቅ ወደ መካከሉ የቀረቡለት ድንጋዮች ይቆጠሩለታል። የመጨረሻዋን ድንጋይ የመልቀቅ ዕድል ነጥብ ላላገኘው ቡድን ስለሚያልፍ፣ ደካማው ቡድን ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም።

አንኮበሬ ወንድሜ ስለ ሕጉ በጻፉት ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ሕጉ ድንጋዩን እኩል ያካፍላል እንጂ ትእዛዙን እኩል አያካፍልም። ከ2015 እስከ 2022 የተካሄዱትን ስድስት ሻምፒዮናዎች ያሸነፉት ቡድኖች አምበሎች ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ምክትሏ ክቡ ላይ የምትቆመው አምበሉ ሁለቱን ድንጋዮች እስኪለቅ ድረስ ነው፤ የቀሩትን ስድስቱን የሚያዘው እርሱ ነው። መምህር ሕጉን እንዳለ ቢወስዱት፣ ሴቶቹ በሚገባ ይለቃሉ፣ የት እንደሚለቁ ግን ወንድ ይነግራቸዋል።

አንኮበሬ በአበርዲን

እኅቴ፣ ይህን አላየሁትም ነበር፤ ልክ ነሽ። በጀማሪዎቹ ሥልጠናም ሳይነገረን አምበል የሚሆነው ወንድ ነበር፤ እኔም፣ ከሁሉ ያነስኩት ተጫዋች፣ ሁለት ጊዜ አምበል ሆኛለሁ። መምህር፣ በየጨዋታው አምበልነቱን ቢያፈራርቁት ጨዋታውን አይጎዳውም፤ አምበል የግድ አራተኛ ሆኖ መልቀቅ እንዳለበት ሕጉ አያስገድድም፣ በሌላ ተራም የሚለቁ አምበሎች አሉ።

ደግሞም ዳኛ አያብዙበት። በከርሊንግ አንድ ተጫዋች የሚንቀሳቀስን ድንጋይ በእግሩ ወይም በመጥረጊያው ቢነካ፣ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ይናገራል። ይህ ከልጆቹ ጋር ጊዜ ይወስድ ይሆናል።

የስፖርት መምህሩ (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በስምንት ልጆች እሞክረዋለሁ፤ አራት ሴቶች፣ አራት ወንዶች። አሥራ ስድስት ጣሳ ከየቤታቸው እንዲያመጡ ነግሬያለሁ፣ ብርድ ልብሱን እኔ እችላለሁ። ሁለቱም ቡድኖች በመጀመሪያው ጨዋታ ሴት አምበልና ወንድ ምክትል ይኖራቸዋል፣ በሁለተኛው ይገለበጣል። ለአቶ መንዜውም አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ገናውን በዚሁ ተራ፣ ሩሯን ሴትና ወንድ እየተፈራረቁ እንዲመቱ አድርገን ብንሞክረው ምን ይሉናል?

መንዜው

ሩር ተራ አይጠብቅም፤ የደረሰ ይመታል፣ ጨዋታነቱም እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን ሴቶች ልጆች ለብቻቸው ሁለት ቡድን ሠርተው ቢገጥሙ፣ ለገናው በትር የሚሆን ቆልማማ የወይራ እንጨት ከመሐል ሜዳ እልክልዎታለሁ። ስንት ይበቃል?