እህቴ ማዮማዋን በኢምቦላይዜሽን ታክማ ትኩሳት ያዛት፣ የምታውቁ ቶሎ!

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እባካችሁ! ታላቅ እህቴን ለማዮማ (ለማህፀን እጢ) በብሽሽቷ ገብተው፣ በጥቃቅን ቅንጣቶች ደም ስሯን ዘግተውላት ነበር። አሁን ትኩሳቷ 101.2 ነው፣ ከእምብርቷ በታች ያማታል፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባም ትንቀጠቀጣለች። የተዉባት ነገር መርዟት ይሆን?

ቦሌ፦ 101? ውሃ እንኳ በ100 ይፈላል! ቴርሞሜትሩን ቀይሩ።

አሌክሳንድሪያ፦ ወንድሜ፣ ፋራናይት ነው። በእኛ 38.4 ገደማ።

እናት ዓለም፦ ቀድሞውኑ ማህፀኗን ቢያወጡላት ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ለማንኛውም አብሽ አጠጧት።

ነርሷ፦ እማማ፣ ማህፀን ማውጣትም ኢንፌክሽንና ደም መፍሰስ አለበት። የኔ እህት፣ ዋናውን አልነገርሽንም፤ ስንተኛ ቀኗ ነው? ፈሳሽስ? የገቡበት ብሽሽት አብጧል? እግሯ ቀዝቅዟል? ቅንጣቶቹ መርዝ አይደሉም፣ እዚያው እንዲቀሩ የተሠሩ ናቸው። ደም ያጣው ማዮማ ሲሞት ህመም፣ ማቅለሽለሽና ቀለል ያለ ትኩሳት ያመጣል፤ በሳምንት ገደማ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል።

ዳላስ፦ እኔም ተሠርቶልኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ሳስታውክ ነበር፣ ከዚያ ተሻለኝ። ታይለኖል (ፓራሲታሞል) ስጧት፣ ያልፋል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ዛሬ 12ኛ ቀኗ ነው። ባለፈው ሳምንት ድና ቡና አፍልታልን ነበር። ከትናንት ወዲህ ነው የጀመራት። ፈሳሹም ይሸታል፤ ደብቃኝ ነበር፣ ሞዴሷን ስትጠቀልል ነው የደረስኩባት።

ነርሷ፦ እንግዲያው አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት! ተሽሏት ካገረሸባት፣ ከሸተተም፣ ኢንፌክሽን ነው ብለሽ ተነሺ። የሞተው ማዮማ ተላቆ ሲወጣ ማህፀን በር ላይ ተይዞም ሊሆን ይችላል። በጊዜ ከተደረሰ በአንቲባዮቲክ፣ ካስፈለገም በማህፀን በር በኩል በማውጣት ይታከማል። ሲዘገይ ነው ወደ ደም የሚዛመተው፣ ማህፀን እስከ ማጣትም የሚያደርሰው። በር ላይ «ከ12 ቀን በፊት የማህፀን ደም ስር ኢምቦላይዜሽን» በያቸው፣ የሠራላትንም ራዲዮሎጂስት ይጥሩላት። ራሷን ከሳተች 911።

ዳላስ፦ ታይለኖል ያልኩት ስለ መጀመሪያው ሳምንት ነው። እሷን ውሰጃት።

አትላንታ፦ ይቅርታ ልግባበት፣ 46 ዓመቴ ነው። ወር አበባ ያቆማል የሚሉት እውነት ነው?

ነርሷ፦ ሊያቆም ይችላል፣ በተለይ ከ45 በላይ። ቅንጣቶቹ እንቁላል ወደሚያመርተው ክፍል የሚሄደውን ደም የሚቀንሱበት ጊዜ አለ። ከመፈረምሽ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ መኪና ውስጥ ነን።

ነርሷ፦ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ብልቃጥ ይዘሻል? ምግብም ውሃም አትስጫት፣ ምናልባት ያደነዝዟት ይሆናል።

እናት ዓለም፦ የኔ ልጅ፣ ደረሳችሁ?