ቀይ ቀበሮን በሰው ሰራሽ ዘዴ ማራባት ይቻላልን?

ጥያቄ፦ የባሌው መምህር

በባሌ አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ መራባት በምናነሳበት ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ «የአባቴ ላም ኮርማ ሳታይ በስትሮ (የኮርማ ዘር ፈሳሽ በያዘች ቀጭን ቱቦ) ወልዳለች፤ ቀይ ቀበሮንስ ለምን እንዲህ አያበዙትም?» ብላ ጠየቀችኝና አጥጋቢ መልስ አጣሁላት። በዓለም ላይ የቀሩት ወደ 500 ገደማ መሆናቸውንና ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ ተራሮች ላይ እንደሚገኙ አውቃለሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቤተ ሙከራ ከተጸነሰ ሽል ሁለት የአቦ ሸማኔ ግልገሎች መወለዳቸውንም አንብቤአለሁ። እኛን ያገደን ገንዘብ ነው ወይስ ዕውቀት?

መልስ፦ አዳቃዩ

መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው የእኔን የዕለት ሥራ ስለሆነ ከላሟ ልጀምር። ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች፤ ጠዋት ስትጮህና ሌሎች ላሞች ላይ ስትወጣ ገበሬው አይቶ ይደውልልኛል፣ እኔም ማታ እደርሳለሁ። ስትሮውን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ከሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን አውጥቼ ለብ ባለ ውኃ አሟሟዋለሁ፤ ከዚያም በአንድ እጄ የማህፀኗን በር ይዤ በሌላው የኮርማውን የዘር ፈሳሽ አስገባለሁ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ላሟ ታስራ ስለምትቆም ነው። ቀይ ቀበሮ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይራባል፤ ከአንድ መንጋ የምትወልደውም ብዙውን ጊዜ የበላይዋ ሴት ናት። ጊዜዋ መድረሱን ደውሎ የሚነግረኝ ሰው የለም፤ በማደንዘዣ ይዤ እሞክራለሁ ብል እንኳ መንጋውን አውካለሁ።

የአቦ ሸማኔዎቹ ጉዳይ ደግሞ የተለየ ነው። እነዚያ በኮለምበስ የእንስሳት ማቆያ ከሰው ጋር የኖሩ ስለነበሩ በሆርሞን እንቁላል እንዲያመርቱ ማድረግ፣ ሽሉንም ወደ ሌላ እናት ማዛወር ተችሏል። ቀይ ቀበሮ ግን አንድም በማቆያ የሚራባ የለም። በዚያ ላይ የውሻ ዘመዶች እንቁላል ሳይበስል ወጥቶ በማህፀን ቱቦ ውስጥ ለቀናት የሚበስል በመሆኑ ሥራውን እጅግ ያከብደዋል። የሰው ልጅ በቤተ ሙከራ ተጸንሶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወለደው በ1978 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቡችሎች የተወለዱት ግን በ2015 ነው (ሁሉም ዓመት እ.ኤ.አ.)። ለማዳ ውሻ ይህን ያህል ካስቸገረ የዱሩ ምን ሊያደርገን እንደሚችል ይገምቱ።

መልስ፦ የዱር እንስሳት ሐኪም

አዳቃዩ በተናገሩት እስማማለሁ፤ ሆኖም ዘዴው የት እንደሚጠቅም ካላየን ተስፋውን በጅምላ እንጥላለን። በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው ጥቁር እግር ፌሬት የሚባል ትንሽ ሥጋ በል የዱር እንስሳ በ1980ዎቹ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) 18 ብቻ ሲቀር ሁሉም ተይዘው ወደ ማቆያ ገቡ፤ የዛሬዎቹ ዘሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የመጡት ከሰባቱ ነው። ዘመድ ከዘመድ መራባቱ ስላሰጋ በከፍተኛ ቅዝቃዜ የተቀመጠ የቆየ የዘር ፈሳሽ ተጠቀሙ። ከዚያም በ1988 የሞተች አንዲት ሴት ሴሎች ተቀምጠው ስለነበር ከእነርሱ በ2020 ኤልሳቤጥ አን የምትባል ግልባጭ (ክሎን፣ ማለትም በዘረመል ከሟቿ ጋር አንድ የሆነች) ተወለደች። እርሷ ባትወልድም ከዚያው ሴል የመጣችው አንቶኒያ በ2024 ወለደች። የጠፋን ዘረመል መልሶ ወደ መንጋው ማስገባት የቻለ ሥራ ነው፤ ያም ሆኖ በዱር የተለቀቁትን ፌሬቶች ወረርሽኝ አሁንም ይገድላቸዋል።

የእኛ ችግር ግን የመውለድ ችግር አይደለም። ቀይ ቀበሮ በአንድ ወቅት ከሁለት እስከ ስድስት ይወልዳል፤ የሚጨርሰው የውሻ በሽታ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች ባለው በወብ ሸለቆ የነበሩትን ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። በቤተ ሙከራ አሥር ብንወልድ ከብት ጠባቂው ውሻ ያንኑ በሽታ ያስተላልፍባቸዋል። ስለዚህ ውሾችን መከተብ፣ ከ2018 ወዲህም በሥጋ ውስጥ ሸሽጎ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው ክትባት ማብላት ቀዳሚው ሥራ ነው። ሌላም ስጋት አለኝ፦ ግልባጭ እንሥራ ብንል እንቁላሉም ማህፀኑም የውሻ ይሆናል፤ በእንቁላሉ በኩል የሚተላለፈው የእናት ዘረመልም የውሻ ይሆናል ማለት ነው። ከውሻ ጋር መዳቀሉን ስንፈራ የኖርን ሰዎች ይህን በእጃችን ልናደርግ አይገባም።

የምደግፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በወረርሽኝ ከሞቱት፣ ወይም ለክትባትና ለክትትል ከተያዙት ከጆሮ ጫፍ ቁራጭ ቆዳ ወስዶ ሴሉን ማስቀመጥ።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ቆዳውን ለማስቀመጥስ አገር ውስጥ አቅሙ አለ?

አዳቃዩ

ናይትሮጅኑና ኮንቴይነሩ ለከብት ሥራ ስለሚውሉ አዲስ ነገር አይሆኑም። ችግሩ መሙላቱ ነው። በምሠራበት አካባቢ ናይትሮጅን ዘግይቶ ኮንቴይነሩ ደርቆ ጠዋት ስከፍተው ጭስ የለውም፤ የዓመት ስትሮ ሁሉ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። የኮርማ ዘር እንደገና ይገዛል፤ የሞተ ቀበሮ ሴል ግን አይገዛም። ስለዚህ የሚቀመጥ ከሆነ በሁለት የተለያዩ ከተሞች፣ በየሳምንቱ የናይትሮጅኑን መጠን በመለኪያ ዱላ እየለካ የሚፈርም ሰው ተመድቦ ይቀመጥ።