መብረቅ የመታው ወንድሜ ልቡ ድው ድው ይልበታል፤ ሐኪም ቤት ልውሰደው?

ጠያቂ (ሱሉልታ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ትናንት ከብት ሊመልስ ወጥቶ ዝናብ ያዘውና ባሕር ዛፍ ሥር ተጠለለ። መብረቁ ዛፉን መታው። ስንደርስ ተዘርሮ አገኘነው፣ ግን ይተነፍሳል። እግሮቹ ጠቁረው በረዶ ሆነዋል፤ ማንቀሳቀስ አቃተው። አመሻሹ ላይ ተነስቶ ሄደ። ዛሬ ግን ልቡ ድው ድው ይልበታል፣ ጆሮውም ይጮኽበታል። ጎረቤቶች «ከተነሳ ተርፏል፣ ወተት ይጠጣ» ይላሉ።

ነርስ (ለገጣፎ)፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ውሰጂው። ኢሲጂ (የልብ ምትን የሚመዘግብ መሣሪያ) ያለበት ቦታ ይሁን። ልብ የሚመታው በራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፤ መብረቅ ያንን ያናጋዋል። ምቱ ሊዛባ፣ ጡንቻው ሊጎዳ ይችላል፤ አንዳንዴ ዘግይቶ ነው የሚታየው። የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳየውን፣ ትሮፖኒን የሚባለውን የደም ምርመራም ጠይቂ። እግሩ የደም ሥሮቹ ተኮማትረው ነው የጠቆረው፤ እሱ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ይለቃል። ጆሮውንም ይዩት፣ ታምቡሩ ተቀዶ ይሆናል።

አባል (ሰንዳፋ)፦ እኛ ሰፈር አንድ ሰው ተመቶ ሲወድቅ ይይዘናል ብለን ማንም አልነካውም። እስካሁን ይከነክነኛል። እውነት ይይዛል?

ነርስ፦ አይይዝም ወንድሜ። መብረቅ መቶ ያልፋል፣ ሰውነት ውስጥ አይቀመጥም። (የመብራት ሽቦ የያዘው ሰው ግን ሌላ ነው፤ መብራቱ ሳይቋረጥ እንዳትነኩት።)

ይሄን ሁላችሁም ያዙልኝ። መብረቅ ልብን ቀጥ ሊያደርገው ይችላል፤ ልቡ ግን ብዙ ጊዜ ራሱ መልሶ ይነሳል። ትንፋሽን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ነው ቶሎ የማይነቃው። በዚያ መሃል አየር ካጣ ልቡ ዳግመኛ ይቆማል። ስለዚህ የማይተነፍስ ከሆነ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እያስደወላችሁ ደረቱን መሃል ላይ 30 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑ፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ከዚያ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ 2 ጊዜ እፍ በሉ። ድገሙት። ብዙ ሰው ከተመታ መጀመሪያ የሞተ ወደሚመስለው ሩጡ። የሚያቃስተው እየተነፈሰ ነው፣ ይቆያል።

እናት (ቡራዩ)፦ ልጆቼ፣ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ዛፉን የመታው በመሬቱ አልፎ እግር ያገኛል። ነጎድጓዱ ካቆመ በኋላም 30 ደቂቃ ቤት ቆዩ። ከብቱ ይመጣል።

ጠያቂ፦ ወሰድኩት። ኢሲጂ ተነሳ፤ ምቱ ትንሽ ተዛብቷል ብለው ለክትትል አስተኝተውታል። አጠገቡ ነኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።