ዓድዋ ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2?

ጠያቂ (ዋሽንግተን)፦
ለኮሚኒቲያችን የዓድዋ በዓል የጥሪ ወረቀት እያዘጋጀን ነው። የውጭ የታሪክ መጻሕፍት ጦርነቱ ማርች 1 ቀን 1896 ተካሄደ ይላሉ። አገር ቤት የካቲት 23 ሲከበር ግን በፈረንጆቹ ማርች 2 ነው። የቱን እንጻፍ?

አበበ ዘመን፦
ሁለቱም ልክ ናቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ማርች 1 ነበር። ነገሩን የለወጠው የፈረንጆቹ 1900 ነው። የእኛ ጳጉሜ ያለማቋረጥ በየአራት ዓመቱ 6 ትሆናለች፤ በግሪጎርያን ግን ለ100 ተካፍሎ ለ400 የማይካፈል ዓመት ፌብሩዋሪ 29 የለውም። በ1900 ያቺ ቀን ስለቀረች ከዚያ ወዲህ የካቲት 23 ማርች 2 ሆነ። የውጫሌ ውልም እንዲሁ ነው፦ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ያኔ ሜይ 2 ነበር፣ ዛሬ ሜይ 3 ይውላል። በፈረንጆቹ 2100 ደግሞ ዓድዋ ወደ ማርች 3 ይሄዳል።

ወረቀቱ ላይ «የካቲት 23»ን አስቀድሙ፤ ለጦርነቱ ማርች 1 ቀን 1896፣ ለዘንድሮው በዓል ማርች 2 ብላችሁ ጻፉ። የ19ኛው ክፍለ ዘመንን ቀን በዛሬው ማነጻጸሪያ የምትለውጡ ከሆነ ከፈረንጁ ቀን ላይ አንድ ቀንሱ።

የሺ፦
ዓድዋ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ በኋላ ስለሚውል በየዓመቱ አይናወጥም። ከዚያ በፊት ያሉት ግን ጳጉሜ 6 በሆነች ማግሥት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ አንድ ቀን ይገፋሉ። ጥር 11 ጥምቀት በ2016 ዓ.ም. ጃንዋሪ 20 ነበር፤ በ2020 ዓ.ም.ም እንደዚያው ነው። የካቲት 12ም ከፌብሩዋሪ 19 ወደ 20 ያልፋል። ገና ብቻ ልዩ ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ከጃንዋሪ 7 አይነቃነቅም።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦
እዚህ ላይ ገንዘብም አለበት። ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 ብሎ በቋሚነት የመዘገበ ፔሮል (የደመወዝ መዝገብ) በ2020 ዓ.ም. ጥር 10ን በዓል፣ ጥር 11ን ተራ የሥራ ቀን አድርጎ ይቆጥራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 75 በሕዝብ በዓል የሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ይከፈለዋል፤ በተሳሳተው መዝገብ ግን ጥምቀት ዕለት ተረኛ የሆነው ጥበቃ ይህን ያጣል። በዓል ከሳምንቱ ዕረፍት ጋር ሲገጥም ደግሞ (ዓድዋ በ2017 ዓ.ም. እሑድ ውሏል) የሚከፈለው የአንዱ ብቻ ነው፤ ሁለቱን ደርቦ የሚጠይቅ ሠራተኛ ብዙ ስለሆነ አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል። መዝገቡን በኢትዮጵያ ቀን ሙሉ፤ የፈረንጁን በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ አውጡ።