አምስት ሆነን የምናዘጋጀው ጋዜጣ ገንዘቡ ተቋረጠ፤ ከሙያችን ውጭ ለወጣ የድጋፍ ጥሪ እናመልክት?

ዋና አዘጋጇ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የመንግሥት ግዥዎችንና የሕዝብ ሆስፒታሎችን በጀት የሚመረምር አነስተኛ የበይነ መረብ ጋዜጣ እናዘጋጃለን፤ አምስት ነን። ከወጪያችን ሦስት እጅ ሁለቱን የሚሸፍንልን አንድ ለጋሽ ነበር። የእሱ የገንዘብ ምንጭ የአሜሪካ መንግሥት ስለነበር፣ በጃንዋሪ 2025 የውጭ ዕርዳታው ሲታገድ የእኛም ደመወዝ አብሮ ቆመ።

አሁን ሌላ ድርጅት የድጋፍ ጥሪ አውጥቷል። ርእሱ የአየር ንብረት ለውጥ ነው፤ እኛ ስለ እሱ ጽፈን አናውቅም። ከፍተኛው የድጋፍ መጠን የዓመት በጀታችንን ሦስት እጥፍ ያህላል። እናመልክት ወይስ ይቅርብን? የተመዘገብነው እንደ ንግድ ድርጅት መሆኑስ ያስጥለናል? ደግሞም አንድ አማካሪ የአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ተቀባዮች መዝገብ ላይ ላስገባችሁ ብሎ ክፍያ ጠይቆናል። ነገሩ አልጣመኝም።

የቀድሞ ገምጋሚ

ለአራት ዓመታት ማመልከቻ ስገመግም ኖሬአለሁ። ስለ ጨረታ ሲጽፍ የከረመ ቡድን በአንድ ሌሊት የደን ተቆርቋሪ ሆኖ ሲመጣ ለማወቅ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ መድረስ አያስፈልግም። ከማመልከቻው ጋር የተያያዙት የቀድሞ ዘገባዎች ራሳቸው ይመሰክሩበታል።

ሆኖም በሩን አትዝጉት። ለጎርፍ መከላከያና ለመስኖ የሚመደብ ገንዘብ በጨረታ ነው የሚወጣው። ማን አሸነፈ፣ ስንት ተከፈለው፣ ግድቡስ ተሠራ ወይ? ይህ የእናንተ ሙያ ነው፤ ለጋሹም የሚፈልገው ነው። በዚህ በኩል ከገባችሁ አመልክቱ። ጣሪያውን ግን አትጠይቁ። አምስት ሰዎች የዓመት በጀታቸውን ሦስት እጥፍ በአንድ ዓመት እንዴት አድርገው በአግባቡ ያወጡታል? ገምጋሚ መጀመሪያ የሚያሰላው ይህንን ነው።

አጻጻፉን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» እና «የአቅም ግንባታ» የሚሉትን ተዉአቸው፤ ሺህ ጊዜ አንብበናቸዋል። ባለፈው ዓመት ስንት ሰነድ ጠይቃችሁ ስንቱን ተከለከላችሁ? ከዘገባችሁ በኋላ የተሰረዘ ውል አለ? ያልተሳካላችሁንም ጻፉ። እኔ ድክመቱን ያልደበቀ አመልካች ይበልጥ አምን ነበር።

ሒሳብ ያዥ

ለአማካሪው ምንም አትክፈሉ! ሳም (SAM) በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ መመዝገብ በነጻ ነው። በኤፕሪል 2022 ዳንስ (DUNS) የሚባለውን የቀድሞውን የድርጅቶች መለያ የተካው አዲሱ መለያ ቁጥርም በነጻ ይሰጣል። ቅጹ አሰልቺ ነው፤ አሰልቺ ነገር ባለበት ሁሉ ደግሞ አስከፋይ አይጠፋም።

በጀት ስታዘጋጁ የአስተዳደር ወጪ አትርሱ። የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የእኔ ቢጤ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ሁሉም ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ፣ ከመንግሥቱ ጋር የተደራደረበት የአስተዳደር ወጪ ተመን የሌለው ተቀባይ ለዚሁ ወጪ እስከ 15 በመቶ መያዝ ይችላል፤ ቀድሞ 10 በመቶ ነበር። የግል ለጋሾች የየራሳቸው ጣሪያ ስላላቸው ጠይቁ። ጥያቄው ነውር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ደመወዝን ተጠንቀቁ። ቀድሞ የሠራሁበት ድርጅት የአንዲትን ዘጋቢ ሙሉ ደመወዝ በሁለት ለጋሾች ላይ መዝግቦ ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ የሥራ ሰዓት መዝገብ የሚይዝ ሰው ስላልነበረ ነው። ኦዲተሩ ሲደርስበት የአንዱን ሙሉ በሙሉ መለስን፤ ለመመለስም ተበደርን።

ነጻ ዘጋቢ

ገምጋሚው ያሉት እውነት ነው፤ እኔ ግን ከነጭራሹ ትልቁን ጥሪ ትቼ በትንንሹ እጀምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ፈንድ ፎር ኢንቨስቲጌቲቭ ጆርናሊዝም የተባለው የምርመራ ዘገባ ደጋፊ ለአሜሪካዊው ጋዜጠኛ ሲይሞር ኸርሽ መጀመሪያ የሰጠው 250 ዶላር ነበር፤ በኋላ 2,000 ጨመረለት። የአሜሪካ ወታደሮች በቬትናም ሰላማዊ ሰዎችን የገደሉበት የማይ ላይ ጭፍጨፋ የተጋለጠው በዚያ ገንዘብ ነው።

በ2006 የተመሠረተው ፑሊትዘር ሴንተር ለአንድ ዘገባ የጉዞና የምርመራ ወጪ ይሰጣል። (ከፑሊትዘር ሽልማት ጋር አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይሳሳታል።) ለአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ደግሞ ኢንተርኒውስ የተባለው የመገናኛ ብዙኃን ደጋፊ ድርጅት በ2004 ያቋቋመው ኧርዝ ጆርናሊዝም ኔትወርክ አለ። የጨረታና የጎርፍ ሐሳባችሁ ለእሱ የሚመች ይመስለኛል።

የቀድሞ ገምጋሚ

ይህ ለዘጋቢ ጥሩ ነው፤ ለጋዜጣ ግን አይበቃም። የአንድ ዘገባ ድጋፍ ኪራይ አይከፍልም። ለመደበኛ ሥራ ማስኬጃ የሚሆን ገንዘብ ካልተገኘ አምስቱም ሰዎች ከዘገባ ወደ ዘገባ፣ ከማመልከቻ ወደ ማመልከቻ ሲሮጡ ይከርማሉ።

ሁለት ጊዜ የተዘጋ ጋዜጣ አዘጋጅ

የንግድ ምዝገባው አንዳንድ በር ይዘጋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ይከፍታል። ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው ሚዲያ ዴቨሎፕመንት ኢንቨስትመንት ፈንድ በብድርና በአክሲዮን ጭምር ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ገቢ ያለው ድርጅት ይፈልጋል። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ መገናኛ ብዙኃንን የሚደግፍ ዓለም አቀፍ የሕዝብ ጥቅም ሚዲያ ፈንድ የሚባልም አለ፤ የ2021 የኖቤል የሰላም ተሸላሚዋ ማሪያ ሬሳ ተባባሪ ሊቀ መንበሩ ሆና የተሰየመችበት ነው። ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ብቻ የሚሰጥ ለጋሽ ካጋጠማችሁ፣ ለትርፍ ያልቆመ ሌላ ድርጅት ገንዘቡን ተቀብሎ እንዲያስተላልፍላችሁ መዋዋል ይቻላል። ድርሻውን ይቆርጣል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የአገራችሁ ሕግ የውጭ ገንዘብ መቀበልን ይፈቅድ እንደሆነ ጠበቃ ይይላችሁ።

ውሉ ላይ ለጋሹ ዘገባን ከመታተሙ በፊት እንደማያይ በግልጽ አጽፉ። የለጋሾቻችሁንም ስም ለአንባቢ አሳውቁ፤ ደብቃችሁ ከተገኛችሁ የመረመራችኋቸው ሰዎች መልስ እሱ ብቻ ይሆናል። የእኔ ጋዜጣ ሁለት ጊዜ የተዘጋው አንድ ለጋሽ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለውን ሁለተኛው ጊዜ ላይ ገባኝ።

ዋና አዘጋጇ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አማካሪውን አሰናብተናል። በጎርፍ መከላከያ ግዥ ለማመልከት ተስማማን፤ የምንጠይቀውም የዓመት በጀታችንን ግማሽ ያህል ነው። አንድ ነገር ቀረ። ገንዘቡ በዶላር ሲመጣና ወጪያችን በአገር ውስጥ ገንዘብ ሲሆን፣ የምንዛሪው ልዩነት የማን ነው?

ሒሳብ ያዥ

ውሉ ዝም ካለ ጉድለቱ ከእናንተ ኪስ ነው የሚወጣው። ትርፉን ግን «ይመለስልን» ሊሉ ይችላሉ። ሳትፈርሙ አንድ ዐረፍተ ነገር አስገቡ፤ በየክፍያው ቀን ባንኩ የመነዘረበትን ወረቀትም ከደረሰኙ ጋር አያይዙ።