ዝናብ ሲጥል እናቴ አትተኛም፣ ወዴት ልውሰዳት?

ጠያቂ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ጦሳ ተራራ ስር ነው። አምና ክረምት ጎርፍ የጎረቤታችንን አጥር ይዞት ወረደ። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲህ ግን እማ ቆርቆሮው ገና ጠብ ጠብ ሲል ትነሳለች፣ የቤቱን ካርታና መታወቂያችንን በፌስታል ጠቅልላ እቅፏ ውስጥ ይዛ እስኪነጋ በር ላይ ቁጭ። ደመና ካየች እህል አትቀምስም። አብሽሪ ብላት አልሰማ አለች። ጤና ጣቢያ «የእድሜ ነው» ብለው መለሱን። የአእምሮ ሕመም ነው?

የቦርከናው (ኮምቦልቻ)
መጀመሪያ ቦዩን ጥረጉ። ደሴ የዘነበው ቦርከናን ሞልቶ እኛ ጋ ነው የሚመጣው፣ እናውቀዋለን። ቦዩ በቆሻሻ ተደፍኖ ሐኪም ምን ያደርጋል?

የአእምሮ ጤና ነርስ
ቦዩ ልክ ነው። ግን ሁለቱም ይሠራ። እህቴ፣ እናትሽ አላበዱም፣ ያዩትን ነው የሚፈሩት። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ «ምንም አይመጣም» አልልም፣ ሊመጣ ይችላላ! የምጠይቀው ስንት ሰዓት ይተኛሉ፣ ልባቸው ይመታል ወይ፣ ጎርፉ በሕልማቸው ይመጣል ወይ፣ የቀን ሥራቸውስ እንዴት ነው እያልኩ ነው። የአየር ንብረት ጭንቀት የሚባለው፣ ማለትም እንደ እናትሽ ጎርፍ ወይ ድርቅ ይመጣል ብሎ መስጋት፣ በራሱ እንደ በሽታ አልተመዘገበም፤ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ ግን መታከም አለበት። ሪፈር አጽፊና የአእምሮ ጤና ክፍል ያለው ሆስፒታል ውሰጃቸው። መኖር ሰለቸኝ ካሉ ግን ያኑ ዕለት። መድኃኒት ብቻ አይምሰልሽ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው በ5 ቀጠሮ የሚያልቅ ምክር አለ፦ ትንፋሽ ማረጋጋት፣ ችግርን አንድ በአንድ መፍታት፣ ከሰው መቀላቀል። ለማታውም ተነጋገሩ፣ ማን ይነቃል፣ ወዴት ትወጣላችሁ። ፌስታሉን እንዳትቀሟቸው።

(ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ከጠየቃቸው 95 አገሮች በጤናና የአየር ንብረት ዕቅዳቸው የአእምሮ ጤናን ያካተቱት 9 ብቻ ነበሩ። ጤና ጣቢያው «የእድሜ ነው» ቢል አይገርመኝም።)

ጡረተኛ መምህር
ልጄ፣ እናትሽ የ77ን ድርቅ አይተዋል?

ጠያቂ
አይታለች ጋሼ። ወንድሟ ያኔ ነው የሞተው። ስለሱ አታወራም። ያኔ ዝናብ ቀረ ብላ፣ ዛሬ ደግሞ መጣ ብላ...

የአእምሮ ጤና ነርስ
አውሪ ብለሽ አትጎትቻቸው። ራሳቸው ከጀመሩ ቡናውን አቅርቢና ስሚ።

ጠያቂ
ትናንት ማታ ዘነበ። ቦዩን ቀን ጠርገን ነበር። እስከ 7 ሰዓት ወንድሜ ነቃ፣ ከዚያ እኔ። እማ ፌስታሉን እንዳቀፈች ናት፣ ግን በር ላይ ሳይሆን አልጋዋ ላይ። ወደ 9 ሰዓት ገደማ ስታንኮራፋ ሰማኋት። ሪፈሩን ሰኞ አጽፋለሁ።